ከአፍንጫ ኦፕራሲዮን በኋላ ያሉት ሳምንታት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም የጤና ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለአፍንጫ ተሰጥቷል። ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስላሉት ቀናት ናቸው፤ ተገቢም ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል፤ ሕመምተኛው የሚጉላላውም ሆነ የሚድነው ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት፣ ቤቱ ሆኖ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በግራ አፍንጫዬ አየር አይገባም። የአንገት በላይ ሐኪም በኢንዶስኮፕ አይተው «መካከለኛው አጥንት ጠሟል፣ ሥጋውም አድጓል» ብለው ለኦፕራሲዮን ቀጠሩኝ። ምን እንደሚሠሩልኝና በኋላ ምን እንደሚገጥመኝ በዝርዝር ንገሩኝ። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሐኪምዎ «አጥንት» ያሉት ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳ፣ ሴፕተምን ነው። ከፊት በኩል ለስላሳ አጥንት፣ ከኋላ ጠንካራ አጥንት ሆኖ በሁለቱም ወገን በስስ ሽፋን ተለብጧል። «ሥጋ» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ተርቢኔት ነው። ይህ ማንኛውም ሰው በየቀዳዳው ያለው፣ የምንስበውን አየር የሚያሞቅና የሚያረጥብ አካል እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። በአለርጂ ያብጣል፤ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ሲጠምም ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለው ክፍተቱን ለመሙላት ይተልቃል።

ኦፕራሲዮኑ ሴፕቶፕላስቲ ይባላል። ሐኪሙ በአፍንጫው ቀዳዳ ገብቶ ሽፋኑን ይሰነጥቅና ከአጥንቱ ላይ ይገልጠዋል፤ የጠመመውን ያቃናል ወይም ያወጣል፤ ከዚያ ሽፋኑን መልሶ ይሰፋዋል። ሁሉም ነገር የሚሠራው ከውስጥ ስለሆነ ፊትዎ ላይ ጠባሳ አይኖርም፤ የአፍንጫዎ ቅርጽም እንዳለ ይቆያል። ከግድግዳው የላይኛውና የፊተኛው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ሳይነካ ይተዋል፤ የአፍንጫውን ድልድይና ጫፍ ደግፎ የያዘው እሱ ስለሆነ። ተርቢኔቱን በተመለከተ ቢጠይቁ ጥሩ የሚሆነው ጥያቄ «ይቀነሳል ወይስ ይወጣል?» የሚለው ነው። መቀነስ የተለመደ ነው። ጨርሶ ማውጣት ግን አፍንጫን ያደርቃል፤ አንዳንድ ሰው ቀዳዳው ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ አየር አይገባኝም እያለ ሲሠቃይ ይኖራል።

ከቀጠሮው በፊት የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። አስፕሪን ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ደም ያቀጥናሉ። አስፕሪኑ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡት። የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ሆነ የጥቁር አዝሙድ ዘይት «መድኃኒት አይደለም» ብለው አይደብቁ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ለማደንዘዣ ባለሙያው ይናገሩ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚያንር የማደንዘዣውን ሥራ ያወሳስባል፣ ደምም ያበዛል። በዕለቱ ምግብና ወተት ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀር ያቆማሉ፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከሰጠዎት የእነሱን ይከተሉ።

ሲነቁ አፍንጫዎ በጎዝ ወይም በስፖንጅ ተወትፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል። ብዙ ሐኪሞች መወተፉን ትተው በግድግዳው ግራና ቀኝ ቀጭን የሲሊኮን ሳህን ሰፍተው ይለቃሉ። አፍንጫዎ ሥር የሚታሰረው ጎዝ በመጀመሪያው ቀን ደጋግሞ በደም ይርሳል፤ ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የሚያስቸግረው ከሕመሙ ይልቅ በአፍ እየተነፈሱ ማደሩ ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ዓይን ያለቅሳል። በሁለት ወይም በሦስት ትራስ ከፍ ብለው ይተኙ። የተዋጠ ደም ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊያስመልስዎት፣ በማግስቱም ሰገራዎን ሊያጠቁር ይችላል፤ አይደንግጡ። ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይበቃል፤ በቀን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን እብጠቱ ይበረታል፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበረው የባሰ ይታፈናሉ። «አልተሳካልኝም» የሚሉ የስልክ ጥሪዎች የሚበዙት በእነዚህ ቀናት ነው። ሲሊኮኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ክሩ ይቆረጥና ይሳባል፣ ጉዳዩ የሰከንዶች ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነገር ከአፍንጫቸው ሲወጣ አይተው የሚገረሙ ብዙ ናቸው። ያን ዕለት አየሩ ይገባልና ደስታ ነው። ከዚያ ቅርፊት ይጋገርና እንደገና ይዘጋል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። እውነተኛው ውጤት የሚታወቀው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው።

ለሁለት ሳምንት አይናፈጡ። ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን በሰፊው ከፍተው ያስነጥሱ፤ አፍና አፍንጫን ጨፍኖ መዋጥ ግፊቱን በሙሉ ስፌቱ ላይ ያሳርፈዋል። ጀሪካንም ሆነ ሌላ ከባድ ነገር አያንሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምግቡም ቡናው ለብ ያለ ይሁን። በእንፋሎት መታጠን ለጉንፋን ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን የተቆረጠውን ቦታ ደም ሥር ያሰፋና ያደማል። ዕጣኑም፣ የቡና ቁላቱ ጭስም፣ በርበሬ የሚደለዝበትም ጓዳ ለጊዜው ይቅርብዎት።

ቢነስርዎ ቀና ማለትና ራስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ደሙን ወደ ጉሮሮ ከመላክ በቀር አይጠቅምም። ቁጭ ብለው ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርገው ሰዓት እያዩ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙ። በየሁለት ደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያሉ መክፈት የተጀመረውን መርጋት ያፈርሳል። ሁለት ጊዜ ደጋግመው ካልቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ድንገት የሚመጣ ነስርም አለ፤ «ድኛለሁ» ብሎ ዕቃ ያነሳ ሰው ላይ ይበረታል።

ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁት የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሁለቱም ቀዳዳ ባንድ ጊዜ ድፍን ብሎ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፋንታ እየጨመረ ከመጣ ወይም ትኩሳት ከተከተለ፣ ከሽፋኑ ሥር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ለስላሳው አጥንት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሽፋኑ ነው። ደሙ ሁለቱን ከለያያቸው አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ድልድዩም ይሰረጉዳል። በጊዜው ለደረሰ ሰው ግን ደሙን ማስወጣት ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ቀጠሮዬ ሰኞ ነው ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በጨው ውኃ እጠቢ ተባልኩ፤ ልክና አሠራሩን ማንም አልነገረኝም። የቧንቧ ውኃ ይሆናል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የቧንቧ ውኃ እንዲሁ እንደተቀዳ በፍጹም አይሆንም። ብንጠጣው ሆድ ውስጥ የሚሞት ተሕዋስ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ አይሞትም፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ ወደ አንጎል ወጥቶ የሚገድል አሜባም አለ። ውኃው ይፍላ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ በቆላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ።

ለ1 ሊትር ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ። ይህ 9 ግራም ገደማ ነው፤ ከደም ጨዋማነት ጋር ይመጣጠናል። ካነሰም ከበዛም ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው «ማጠብ አልቻልኩም» የሚለው ጨዉን በግምት ስለሚያደርግ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት ይለሰልሳል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ አይጨምሩት። አዮዲን የሌለው ጨው ካገኙ ይመረጣል። ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነብዎት ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን መግዛት ይችላሉ፤ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት፣ ሲጠቀሙም ለብ ያድርጉት።

መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይያዙ። ማጠቢያው ላይ አጎንብሰው አፍዎን ይክፈቱ፤ በአፍ ይተንፍሱ። የሲሪንጁን ጫፍ ወደ መካከለኛው ግድግዳ ሳይሆን በዚያው ወገን ወዳለው የዓይን ውጫዊ ጥግ አቅጣጫ ያድርጉና ቀስ ብለው ይግፉ። ውኃው በሌላው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይመለሳል። በየወገኑ አራት አምስት ሲሪንጅ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል፤ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ካዘዙ ግን የእሳቸው ይጸናል፤ መቼ እንደሚጀመር የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ጆሮዎን «ጧ» ካደረገው በኃይል ገፍተዋል ማለት ነው። ሲጨርሱ አይናፈጡ፤ ያንጠባጥብ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ውኃ ጠብ ቢልልዎ ከሳይነሱ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ካለው ክፍት ቦታ የቀረው ነው። ሲሪንጁን በየቀኑ በፈላ ውኃ አጥበው አየር ላይ ያድርቁት፤ በየጥቂት ቀኑም ይለውጡት።

ቅርፊቱን በጣት ወይም በክብሪት እንጨት የሚያነሱ አሉ። ሥሩ ያለው ገና እየዳነ ያለ ሽፋን ነው፤ በተደጋጋሚ ከተነሳ ግድግዳው ይበሳል። የተበሳ ግድግዳ ሲተነፍሱ ያፏጫል፣ ይደማል፣ ቅርፊቱም አይለቅም። ማጠቡ ያረጥበዋል፤ በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የአፍንጫ ሥጋ ከሁለት ዓመት በፊት ተቆርጦልኝ ነበር። አሁን ተመልሶ በቅሏል፤ ሽታም ጠፍቶብኛል። ሐኪሙ አጉድለው ትተውት ይሆን? አስምም አለብኝ። (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የእርስዎ «ሥጋ» ከላይ ከተባለው ይለያል፤ ፖሊፕ ሳይሆን አይቀርም። ፖሊፕ ልጣጩ የተላጠ ወይን ይመስላል፤ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማያም። የሚወጣው ከሳይነሶቹ ሽፋን ሲሆን መንስኤውም ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ኦፕራሲዮን ብግነቱን አያጠፋም። ያለውን ያወጣል፤ የሳይነሶቹን በር ያሰፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት ውስጥ እንዲደርስ መንገድ ይከፍታል። መድኃኒቱ ካልተቀጠለ በተለይ አስም ያለበት ሰው ላይ መመለሱ የተለመደ ስለሆነ በሐኪሙ ከመፍረድዎ በፊት ይህን ያስቡበት።

መድኃኒቱ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን ያለበት የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። በየቀኑ፣ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይወሰዳል። አወሳሰዱ ላይ የሚሳሳተው ሰው ቁጥር ከሚያስተካክለው ይበልጣል። መጀመሪያ አፍንጫውን ያጥቡ፤ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ጠርሙሱን ይነቅንቁት። ግራውን በቀኝ እጅ፣ ቀኙን በግራ እጅ ይርጩ፤ እጅ ሲሻገር ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ ያመለክታል። ራስዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ረጭተው በቀስታ ይሳቡ። በኃይል ከማጉ ጉሮሮ ውስጥ ይወርዳል። ጫፉ መካከለኛውን ግድግዳ ካየ ግን ያነስራል።

አስምና ፖሊፕ አብረው ካሉ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቅዎታል፦ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስዱ ትንፋሽዎ ያጥራል? ከሆነ ሦስቱ አብረው የሚሄዱ ሕመም ስላለ እነዚህን ማስታገሻዎች እስከ መጨረሻው ይራቁ፤ በካርድዎም ላይ ያስጽፉ። ድጋሚ ኦፕራሲዮን ከተወሰነ ቀድሞ ሲቲ ስካን መነሳት ግድ ነው፤ ሳይነሶቹን ከዓይንና ከአንጎል የሚለያቸው አጥንት እንደ ወረቀት ስስ በሆነባቸው ቦታዎች ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከሳይነስ ኦፕራሲዮን በኋላ ዓይን ካበጠ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ድርብ ከሆነ፣ ወይም ጎንበስ ሲሉ ከአንድ ወገን ጨው ጨው የሚል ጥርት ያለ ውኃ ሳያቋርጥ ከወረደ ሰዓት አይባክን።

ሽታውን በተመለከተ፣ የተዘጋው በፖሊፕ ከሆነ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ቆርጦ መናገር ግን አይቻልም። ለሌሎች አንባቢዎች፦ እድገቱ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ፖሊፕ ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ ናሙና ተወስዶ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ዱባይ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የአንድ ወር ፈቃድ አለኝ፤ አገር ቤት መጥቼ አፍንጫዬን ተሠርቼ መመለስ እፈልጋለሁ። ይበቃኛል? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ በጠባቡ ይበቃል፤ ምርመራው ግን ለአዲስ አበባ አይቆይ። ሲቲ ስካን እዚያው ተነስተሽ ከሆነ ሲዲውን ይዘሽ ነይ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተሠራሽ ሲሊኮኑ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ የጽዳት ቀጠሮ ሳይቀር የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጪ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አለመብረር ይመረጣል፤ ሰማይ ላይ የነሰረ ሰው የሚረዳው የለም፣ የተዘጋ አፍንጫም ሲወርዱ ጆሮን ክፉኛ ያማል። ሐኪምሽ ከፈቀዱ አውሮፕላኑ መውረድ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ጊዜ የሚረጭ የአፍንጫ መክፈቻ ይረዳል።

ከባዱ ነገር ከተመለስሽ በኋላ ያለው ሥራ ነው። በረኪና ገና ያልዳነ አፍንጫን ያቃጥላል፤ አሲድ ካላቸው ማጽጃዎች ጋር ከተቀላቀለማ ጤነኛውንም ሳንባ ይጎዳል። ምንጣፍ ማንሳትና ዕቃ መግፋት ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ይቅር። ይህን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ አስጽፈሽ ያዢ፤ በቃል ከማስረዳት ይሻላል። ኤር ኮንዲሽነሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ የጨው ውኃ ስፕሬይ አልጋሽ አጠገብ ይኑር።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ የገዛሁትን የአፍንጫ ጠብታ ካላደረግሁ አልተኛም። አምስት ወር ሆነኝ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጠብታውን ማቆም ያስፈልግዎታል። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ያለባቸው ጠብታዎች ደም ሥርን ያጠብባሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፉ ግን ኃይላቸው ሲያልቅ ሽፋኑ ከፊቱ የባሰ ያብጣል፣ እርስዎም እንደገና ይጨምራሉ። በሐኪም ምክር የስቴሮይድ ስፕሬይ ይጀምሩ፤ ጠብታውን በአንድ ቀዳዳ ብቻ ያቁሙ፣ ያ ሲከፈት ሌላውን ያስከትሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ከዚያ በኋላም ከታፈነ ያኔ ይታያል፤ በጠብታ ያበጠ አፍንጫ አይቶ ኦፕራሲዮን መወሰን ችኮላ ነው።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል። አጥንቱ ጠሞ ይሆን? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የሚጠረጠረው ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው፣ አዴኖይድ የሚባለው እጢ ነው። ተኝቶ ትንፋሹ ለአፍታ ቆም የሚል ከሆነ በስልክ ቀርፀው ለሐኪሙ ያሳዩ። ኦፕራሲዮኑ በአፍ በኩል ይሠራል፤ በኋላ ለሳምንት ያህል የሚመጣው የአፍ ሽታ ያልፋል። የሴፕተም ኦፕራሲዮን ግን አፍንጫው እያደገ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉርምስናው ማብቂያ ይገፋል። ችግሩ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ የሚሸት ንፍጥ ካለው ሽምብራ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለሚበላው ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በሰሙነ ሕማማት መስገድ እችላለሁ? ኦፕራሲዮኑ ከሆነልኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሴም ደንዝዟል። (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ግንባር መሬት ሲነካ የራስ ደም ግፊት ይጨምራል፤ ዘጠነኛው ቀን ደግሞ ነስር የሚመለስበት ወቅት ነው። ሁለት ሳምንት እስኪሞላ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ለሙስሊም አንባቢዎችም ሱጁድ ላይ ያው ነው፣ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው። ጾሙን መጾም ይችላሉ፤ ፈሳሽ ግን አይጉደልብዎ፣ በሐኪም የታዘዘ አንቲባዮቲክ ካለም ሰዓቱ አይዛባ። ጥርሱን በተመለከተ፣ ወደ ፊተኛው ላንቃና ጥርስ የሚሄደው ነርቭ በግድግዳው ሥር ስለሚያልፍ ሲነካ ይደነዝዛል። ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ እስከዚያ ትኩስ ነገር ሲጠጡ ላንቃዎን እንዳያቃጥሉ ቀድመው በከንፈርዎ ይሞክሩት።